ግራጫው ክብ

ጥቅምት 4 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣

ይህን ፖስታ የከፈተው እጅሽ ደህና ይሁን፤ የሚያነበውም ዓይንሽ ደህና ይሁን። እኛ ደህና ነን። ልጅሽ ድንቡሼ ደህና ነች። ወገቤም ለፍራሽ አዳሽ ወገብ ደህና ነው።

አሁን ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ተቀመጪ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ማለት እኔ አጎትሽ። ጎረቤት አልጻፈልኝም፣ ልጅሽም አልጻፈችልኝም። እሷ ያደረገችው ከጎኔ ቁጭ ብላ «አባባ፣ እዚህ ጋ አራት ነጥብ» ማለት ብቻ ነው።

የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። ስምንት ወር ፈጀ። ሠላሳ ሁለት ጎልማሶች ጀምረን አሥራ አንድ ቀረን። ከአሥራ አንዱ አንደኛ ማን ወጣ ብትዪ፣ ሰው ራሱን ማሞገስ ነውር ነው እንጂ እኔ ነኝ። ሁለተኛ የወጣችው አትክልት ሻጯ በቁጥር ትበልጠኛለች፤ በጽሕፈት ግን አጠገቤ አትደርስም። አስተማሪያችን «የእርስዎ ፊደል ልክ እንደ ፍራሽዎ ነው፣ ወፈር ያለ፣ ጎኑ የቀና» ብሎኛል። ይህን የተናገረው በሁሉም ፊት ነው።

ከእንግዲህ ስልክ ለሰላምታ ብቻ ነው። እመቤትሽ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ በቤቴ አይገባም ካለች ወዲህ ያንቺም ስልክ ባለ ቁልፍ፣ የእኔም ባለ ቁልፍ፤ ሁለታችንም ጆሮ እንጂ ዓይን የለንም። ስለ ዓይን ነው እንግዲህ ዛሬ የምጽፍልሽ።

የድንቡሼ ክፍል ስም ጠሪ፣ ያቺ ቀጭኗ የሳይንስ አስተማሪ፣ ለስድስተኛ ክፍል ልጆችና ወላጆች ድረ ገጽ እየሠራች ነው። ድረ ገጽ ምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ሰው አገር ተቀምጠሽ ሳታውቂው አትቀሪም፤ ቢሆንም ላስረዳሽ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ በዪው፤ ግድግዳው ግን የትም አለ። የቤት ሥራ ይወጣበታል። የፈተና ቀን ይወጣበታል። ወላጅ ከሥር ሐሳቡን ይጽፍበታል። ከሁሉም በላይ አስተማሪዋ አርብ አርብ ልጆቹን ፎቶ እያነሳች ትለጥፋለች። አራት ዓመት ሙሉ በድምፅ ብቻ ያሳደግሻትን ልጅ ስትጽፍ፣ ስትስቅ፣ ስታኮርፍ ልታያት ነው።

ለዚሁ ስብሰባ ተጠራን። ልጆቹ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተደርድረን ጉልበታችን አገጫችን ላይ ደረሰ። አስተማሪዋ የፈቃድ ቅጽ አደለች። አጠገቤ የነበረው የታክሲ ሹፌር ድሮ እንደለመደው «ወዲህ አምጣ፣ ላንብብልህ» አለኝ። «ለራስህ አንብብ» አልኩት። ጽሑፉ እንደ ጉንዳን እግር የደቀቀ ነበር፣ ያለ መነጽር አይሞከርም። ከታች ግን ሁለት መስመር አየሁ፤ ፊርማ እንደሚፈለግ አላጣሁትም። የማታ አስተማሪያችን ስንት ጊዜ ነግሮናል፤ ስማችሁ ባለበት ወረቀት ላይ ባዶ መስመር አትተዉ፣ ሌላ ሰው ይሞላባችኋል ብሎ። ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ሲፈርም እኔ ሁለቱንም ፈረምኩ። ሹፌሩ አይቶ «አንተ ደግሞ ፊርማ ታበዛለህ» አለ። «የስድሳ ዓመት የተጠራቀመ ነው» አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን ከሥር ገልብጬልሻለሁ። ሦስት ጊዜ አመሳክሬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ የንባብ መነጽር። የተማረ ሰው ያለ መነጽር አያምርም።

አንደኛ የወጣው አጎትሽ


ኅዳር 12 ቀን

ለአጎቴ፣

ጤናዎ እንደ ጽሕፈትዎ የቀና ይሁንልኝ። ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም፣ ይኮሩብኛል። አሮጊቷ እመቤቴ እንኳ «ምን ያስቅሻል?» ብላኝ ስለ ወንበሩና ስለ አገጭዎ ነገርኳት። ድንቡሼን በእኔ ስም ጉንጯን ይሳሙልኝ። መነጽሩን ዕቃ ለሚልኩ ሰዎች ሰጥቻለሁ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት እረፍት አለኝ። መንገድ ማዶ ኮምፒውተር የሚያከራዩበት ጠባብ ሱቅ አለ። ማሽኖቹ አሮጌ ናቸው፤ ካሜራም የላቸውም። ለማየት ግን ይበቃሉ። ፀጉሬን ተሠርቼ ሄድኩ። ማን ሊያየኝ እንደሆነ እንጃ።

የይለፍ ቃሉ በመጀመሪያው ሙከራ ሠራ፣ እጅዎ ይባረክ። የክፍሉ ፎቶ ወጣ። አርባ ሁለት ልጆች በሦስት ረድፍ። ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ ፈለግኋት። አርባ አንድ ፊት አለ። በመሐለኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛዋ ላይ፣ ፊት መሆን ያለበት ቦታ ግራጫ ክብ አለ። መስታወቱ የቆሸሸ መስሎኝ በእጅጌዬ ጠረግኩት። አልጠፋም። ከክቡ ሥር የላክሁት ቀይ ሹራብ አለ።

ሌሎቹንም ከፈትኩ። ዘር ሲተክሉ፣ ካርታ ሲሥሉ፣ ሲሮጡ። ቀዩ ሹራብ ሁሉም ላይ አለ። ክቡም ሁሉም ላይ አለ።

አጎቴ፣ ምን ሆና ነው? ሌላ ልጅ ያልተደረገባት እሷ ላይ ለምን?

ልጅዎ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣

ሐሳብሽ ይረፍ፣ እንቅልፍሽ አይጓደል። እኛ በሙሉ ጤና ነን። በዚህ ወር አሥራ አራት ፍራሽ አድሻለሁ፤ አንዱ የሆቴል ነው፣ ባለ ሁለት ሰው።

ስለ ክቡ አትጨነቂ። ማሽን ነው። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ እንዲህ ታደርጋለች አሉ፤ ልጅሽ ደግሞ ከመስኮቱ በኩል ነው የምትቀመጠው። እኔ ጉዳዩን ይዤዋለሁ። አስተማሪዋን ጠርቼ «ይህ ነገር ባስቸኳይ ይስተካከል» ብያታለሁ። የሚጽፍና የሚያነብ ወላጅ ሲመጣባቸው እንዴት እንደሚደነግጡ ብታዪ።

እስከዚያው ፎቶ ቤት ወስጃት ይህን አስነስቻለሁ። ከፖስታው ውስጥ አለ። ቀና በዪ እያልኩ ሦስት ጊዜ ነው ያስነሳኋት። ድንቡሼ የሚለው ስም እንደማይሆናት ታያለሽ፤ ድንቡሽቡሽነቷ የት እንደገባ እንጃ፣ የአንቴና ምሰሶ አክላለች።

መነጽሩ ገና አልደረሰም።

አጎትሽ


ጥር 20 ቀን

ለአጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ ወገብዎን ያበርታልኝ።

ፎቶው ደረሰኝ። ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ። ቀና በዪ እንደተባለች ያስታውቃል። የእኔ ልጅ አፏን እንደዚያ ገጥማ አታውቅም። እኔ ደግሞ ማየት የምፈልገው የማያት መሆኑን የማታውቀውን ልጅ ነበር።

በእነዚህ ሳምንታት አምስት እሁድ ሄጃለሁ። ፀሐይ በሌለበትም ቀን ክቡ አለ። ግቢ ውስጥም፣ ቤተ መጻሕፍትም፣ ከጀርባ ሆና ፊቷን ዞር ስታደርግም አለ። ፀሐይ አይደለም፣ አጎቴ። ይህን ሰው ነው የሚያደርገው፣ እየተጠነቀቀ።

አንድ ወላጅ ከሥር «ይህቺ ልጅ ማናት?» ብሎ ጽፏል። የመለሰለት የለም።

እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነው። የማስበውን ልጻፈው። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ደርሶ እየደበቃችሁኝ ከሆነ ይንገሩኝ። እሳት ነው? ውሻ ነው? የላኩልኝ ፎቶ መቼ የተነሳ ነው? ትንሽ አሮጌ መሰለኝ። አስቤ አስቤ ከዚህ ሌላ ምክንያት አጣሁ። አሮጊቷን ሳጥብ የልጄ ፊት እየመጣብኝ ሁለት ጊዜ ውሃውን ከልክ በላይ አሞቅሁባት።

በሚወዱት ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


የካቲት 14 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

መጀመሪያ ይህን አንብቢ፤ ሰላምታው ኋላ ይደርሳል። ልጅሽ ፊት ላይ ምንም የለም። ጠባሳ የለ፣ ጭረት የለ። ግንባሯ ላይ አንድ ብጉር አለ፣ እሱም ሰኞ የወጣ ነው። ፎቶውም የታኅሣሥ ነው።

አሁን ደግሞ የእኔን ስሚ። አስተማሪዋን ጠራኋት ያልኩት ውሸት ነው። ያኔ ወደ ትምህርት ቤቱ አልሄድኩም። የፀሐዩን ነገር የፈጠርኩት እዚሁ ፍራሽ መሐል ተቀምጬ ነው። አላውቅም ብሎ መጻፍ ከበደኝ። ያንቺ ደብዳቤ ሲደርስ ግን ጥጡን እንደ ፈታሁት ትቼ ሄድኩ።

አስተማሪዋ አንድ ፋይል አወጣች። የላክሽው መነጽር ደርሶልኝ ነበር፤ ዓለም እንዲህ ሻካራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ቅጹን ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት። የመጀመሪያው መስመር «የልጄ ፎቶ በድረ ገጹ ላይ እንዲወጣ እፈቅዳለሁ» ይላል። ፈርሜያለሁ። ሁለተኛው «አልፈቅድም» ይላል። ፈርሜያለሁ። እንዲያውም ሁለተኛው ላይ ያለው ያምራል፤ እጄ ሞቆ ነበር።

«ያን ቀን ለምን አልጠየቅሽኝም?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ጠይቄዎት ነበር እኮ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ስልዎ፣ 'እኔ የፈረምኩት ነገር አይነቃነቅም' አሉኝ።»

ብያለሁ።

«በይ አሁን ይነቃነቅ፤ ሁለተኛውን ሰርዢልኝ» አልኳት። እጇን አሻሸች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ድረ ገጹን በራሷ ላፕቶፕ ነው የሠራችው፤ አርባ ሁለቱንም ልጅ በስም እየጠራች ነው የምትለጥፈው፤ በየሳምንቱ አንድ ልጅ ላይ ክብ ማድረግ ለእሷም ደስ አይላትም። ግን መሰረዙ የእሷ ሥልጣን እንዳልሆነ ነግራኝ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ወሰደችኝ።

እሱ ደግሞ ክራቫቱን እያስተካከለ «አባት፣ እርስዎ የልጅቷ ማን ነዎት?» አለኝ።

«አሳዳጊዋ።»

«በወረቀት?»

«በእጄ።»

«በእጅ የሚባል የለም። እኛ ዘንድ የተመዘገበችው እናቷ ናት።»

«እንግዲያ ስከለክል ለምን ተቀበላችሁኝ?»

«መከልከል ማንም ይችላል። መፍቀድ ነው የወላጅ» አለኝ።

ይኸውልሽ። የሚዘጋው ፊርማዬ ሠራ፤ የሚከፍተው ፊርማዬ አይሠራም። አራት ዓመት ያጎረስኩበት እጅ ምንም አይቆጠርም።

መንገዱ አንድ ነው። አንቺ የወገኖቻችን ጉዳይ ወደሚፈጸምበት የቆንስላ ቢሮ ሄደሽ፣ «አጎቴን ወክያለሁ» የሚል ወረቀት ማኅተም አስመትተሽ ትልኪያለሽ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው አርብ ፊቷን ታያለሽ። አንቺ ላይ የጣልኩት ሥራ ስለሆነ አፍሬያለሁ፤ ማፈር እንደምችል ጎረቤት እንዳይሰማ።

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለአሮጊቷም።

አጎትሽ


ሚያዝያ 27 ቀን

ለአጎቴ፣

ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ። አሮጊቷ ታማ ሰንብታለች።

ፊቷ ደህና መሆኑን ባነበብኩ ቀን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። በፊርማው አይዘኑ። እኔም አጠገብዎ ብሆን «ሁለቱም ላይ ይፈርሙ» ነበር የምልዎት።

ወረቀቱን በሚመለከት፣ ቢሮው ሩቅ ነው። በሥራ ቀን ነው የሚከፈተው፤ እኔ ያለኝ እሁድ ብቻ ነው። ሌላ መንገድ ካለ እስቲ ይጠይቁልኝ። ከሌለም ይቅር፤ አይጨናነቁ። ለምጄዋለሁ። በአቋቋሟ አውቃታለሁ፣ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ታደርጋለች። በእጆቿ አውቃታለሁ። መጋቢት ላይ አስተማሪዋ የለጠፈችው ትያትር ነበር፤ መጋረጃ የያዘችው እሷ ናት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ድሮ መሐለኛው ረድፍ ላይ ነበረች። አሁን ሁልጊዜ ጥግ ላይ ናት። ካለፉት ሦስት አርቦች በሁለቱ ደግሞ ጭራሽ የለችም። ለምንድን ነው?

ልጅዎ


ግንቦት 15 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ አሮጊቷም ትነሳልሽ።

እኔ ሌላ መንገድ ጠይቄያለሁ። አራት ጊዜ ሄጄ ነው የጠየቅሁት። ዘበኛው አሁን ሲያየኝ ቆሞ ወንበሩን ይሰጠኛል፤ ቤተኛ ሆኛለሁ። ርዕሰ መምህሩን «የወንበርህን ስፖንጅ በነጻ ልቀይርልህ» ብዬ እስከማባበል ደርሻለሁ። ስፖንጁን አስቀየረኝ። ፈቃዱን አልሰጠኝም።

ጥግ ላይ ለምን ቆመች ላልሽኝ ልጽፍልሽ አልነበረም። ጠየቅሽ፣ ልንገርሽ። የክፍሏ ልጆች ድረ ገጹን ቤታቸው ይከፍቱታል፣ ከወላጆቻቸው ጋር ያዩታል። «ክቧ» ብለው ስም አወጡላት። መጀመሪያ ራሷም ትስቅ ነበር። እኔም ባልረባ አፌ «ድንቡሼም ክብ ነው፣ ምን ልዩነት አለው» ብያት ነበር። አንድ ቀን አንዷ ልጅ ወንበሯ ላይ በጠመኔ ክብ ሥላ ጠበቀቻት። ድንቡሼ በደብተር ጆሮዋን መታቻት፤ ሁለት ቀን ታገደች። ከዚያ ወዲህ አርብ ሲሆን ሆዴን ትላለች። የእውነት የሚያመውን ሆድ እኔ አላጣውም፤ ሥራዬ የሰው ጎን የት እንደሚያመው ከፍራሹ ማወቅ ነው። ግን ሆዴን ላለች ልጅ ምን ትያታለሽ? ከጎኔ ተቀምጣ ጥጥ ትፈለቅቃለች።

አስተማሪዋ ልጆቹን ሰብስባ ተቆጥታለች። የተቆጣቻቸው ጊዜ ባሰ።

ስለዚህ እንደገና ልለምንሽ ነው። አንድ ማኅተም ናት። እመቤትሽን አንድ ረፋድ ብቻ ፈቃድ ጠይቂ። ብትፈልጊ እኔ እጽፍላታለሁ፤ በየትኛው ቋንቋ ካልሽ በፊደሌ ውበት ትረዳኛለች። ለአንቺ ማየት ብቻ ብዬ አይደለም አሁን፤ ለልጅቷ ነው።

አጎትሽ


ሐምሌ 30 ቀን

ለአጎቴ፣

ይህን ሲያነቡ ብቻዎን ይሁኑ።

ቢሮው ሩቅ አይደለም። በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ነው። እመቤቴም ብጠይቃት አትከለክለኝም። እዚያ የማልሄደው የመኖሪያ ወረቀቴ ካለፈ ሁለት ዓመት ስለሆነው ነው። መጀመሪያ ከተቀጠርኩበት ቤት ስወጣ ፓስፖርቴን አልሰጡኝም። የዚያ ቢሮ በር ላይ ፖሊስ ወረቀት ይጠይቃል። የኔ ዓይነት አንዲት ልጅ ለማኅተም ብላ ሄዳ አልተመለሰችም፤ ሻንጣዋን እኔ ነኝ የሸከፍኩላት።

አሁን ብመለስ ቤቱን ማን ይይዘዋል፣ የልጄንስ ትምህርት? ከወጣሁ ደግሞ መግቢያ የለኝም። ስለዚህ አልሄድኩም። በወር አንዴ በስልክ «መቼ ነው የምትመጪው?» ስትለኝ «ዘንድሮ» እላታለሁ። አምና «ዘንድሮ» ብያታለሁ። ካቻምናም።

ለድንቡሼ እንዳይነግሯት። ከልጅ አፍ ሲወጣ የት እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ደግሞ እሷ እኔን የምታስበው መንገድ ላይ እንዳለ ሰው ነው። እንደዚያው ታስበኝ።

እኔም ምን ላድርግ እንዳልልዎት እርስዎም አያውቁትም።

ልጅዎ


ጥቅምት 22 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣

ያለሽበት ቤት ይሰውርሽ። ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም።

የሐምሌውን ደብዳቤ ብቻዬን አነበብኩት። መልስ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ስምንት ወር የተማርኩት ለእንዲህ ያለው አይበቃም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለወጉ እንኳ አላሾፍኩም፣ ድንቡሼ «አባባ አሞሃል?» እስክትለኝ ድረስ።

ከዚያ በኋላ መልካም ነገር መጣ። ስም ጠሪዋ ከልጆቹ ጋር ወደ ሰባተኛ ክፍል አለፈች፤ ድረ ገጹም አብሮ አለፈ። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ጠርታን ምን አለች? አዲስ መመሪያ ወጥቷል፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ተማሪ የፎቶውን ቅጽ ራሱ ይፈርማል። ወላጅ አያስፈልግም። ማኅተም አያስፈልግም። ድንቡሼ ነሐሴ ላይ አሥራ ሁለት ሞላት። ሹፌሩ «እንግዲህ አንተ ከሥራ ወጣህ» አለኝ። እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት፤ በዚህ ዕድሜዬ መሮጤን ያየ ሰው እሳት የተነሳ መስሎት ተከትሎኛል።

የጥጡን አቧራ ታጠብኩ። ጣውላ አምጥቼ አዲስ ፍራሽ ላይ አጋደምኩና ጠረጴዛ አደረግኩት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ነይ፣ ዛሬ የፊርማ ቀን ነው» አልኳት።

«ሁለት ጊዜ ነው የሚፈረመው?» አለችኝ። ምላሷ እንደ እኔ ነው።

«አንድ ይበቃል።»

ቅጹን አነበበችው። እኔ ከአናቱ ሳልወርድ እሷ ጨርሳለች። ስክሪብቶውን ተቀበለችኝና ፈረመች፤ ንጹሕ ፊርማ ነው፣ ጅራት የለው። መነጽሬን አደረግኩ። ማንም አላነበበልኝም፣ እኔው ራሴ አነበብኩት። የፈረመችው «አልፈቅድም» የሚለው ላይ ነው። ከላይ ያለውን መስመር ደግሞ ማንም እንዳይፈርምበት ከዳር እስከ ዳር ሰርዛዋለች።

«ተሳሳትሽ» አልኳት።

«አልተሳሳትኩም። አንብቤዋለሁ።»

«ልጆቹን ፈርተሽ ነው? ፊትሽ ሲወጣ እኮ ክቧ የሚልሽ አይኖርም።»

«እሱን ለምጄዋለሁ።»

«እናትሽ እሁድ እሁድ ትከፍተዋለች። ሌላ ምንም አትፈልግበትም። አንቺን ነው የምትፈልገው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ከፍራሹ ጠርዝ ጥጥ መዘዘች። «ካየችኝ አትመጣም» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«የዚያች የማዶዋ ልጅ አባት ሰው አገር ሆኖ በየሳምንቱ ፎቶዋን ያያል። 'እንዴት አድገሻል፣ እንዴት አምረሻል' ይላታል። ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። አየኋት ብሎ ረክቶ ተቀምጧል። እማዬ ግን ካላየችኝ ሲብስባት ትመጣለች።»

እውነቱ ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። «መምጣት አትችልም፣ የፈለገ ቢብስባትም አትችልም» ልላት ነበር። አደራሽ ያዘኝ። የማባብልበት ቀልድ ፈለግሁ፣ እሱም የለም። የሆነ ነገር እንዲያው ለማለት «ፊርማሽ ያምራል» አልኳት።

ቅጹን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ይዛው ሄደች። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ልቀማት እችል ነበር፤ ቀምቼ ምን ላደርገው? እኔ የፈረምኩትን ፊርማ ማንሳት አቅቶኝ ዓመት ሞላኝ። የእሷን በምን ላነሳው ነው?

አሁን የፍራሹን ሥራ ትቼ የምጽፍልሽ ምክር ፍለጋ ነው። ልንገራት? ወይስ እየጠበቀች ትደግ? እኔ አልቻልኩም። የምታውቂው ካለ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 6 ቀን

ለአጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለእርሷም።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አራት እሁድ ሆነኝ። በአራቱም ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ መልስ ልጽፍ ሞክሬያለሁ። የምመክርዎት አላገኘሁም። ይንገሯት ብዬ እጽፍና ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አስባለሁ፤ ከትራሴ ሥር ካለው ፎቶ በቀር ደግሞ ፊቷን አላውቀውም። አይንገሯት ብዬ እጽፍና አንድ ቀን አርባ ዓመት ሆኗት በር በሩን ስታይ ይታየኛል።

ቅጹን ባለመቀማትዎ አመሰግንዎታለሁ። አስተማሪዋንም ምንም አይበሏት። የልጄ የመጀመሪያ ፊርማ ነው፣ አይነካ።

በወሩ ስልክ ስንነጋገር ስለ ድረ ገጹ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ስለ አሮጊቷ ጠየቀችኝ። ስለ አየሩ ጠየቀችኝ። ከዚያ «እማዬ፣ ናፍቄሻለሁ?» አለችኝ። «በጣም» አልኳት። «በጣም ምን ያህል?» አለችኝ። ለምን እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሄሎ፣ ሄሎ» እያለች ቆየች። እኔም አልተቋረጠም አላልኳትም።

ትናንት ከፍቼው ነበር። ሰባተኛ ክፍሎች ከአስተማሪያቸው ጋር ደረጃ ላይ ቆመዋል። ቀዩ ሹራብ አጥሯታል፤ የእጅ አንጓዋ ወጥቷል። ግራጫው ክብ አምና የአስተማሪዋ ክንድ ጋ ነበር። ዘንድሮ ጆሮዋ ጋ ደርሷል።

ልጅዎ